ወደ ማር ገደል የሚወስደው ሌላው መንገድ

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮ ነበር፤ ቼላን ግን እንግዳዋን እንዳያስደነግጥ «ይሄ ዝናብ አይደለም፣ ጉም ነው፤ ረፋድ ላይ ይገፋል» ብሎ ከመንደሩ ይዟት ወጣ። የካራኮምቤን የመጨረሻ ጎጆ አልፈው የቡናው እርሻ ጫፍ ላይ ሳይደርሱ ነጎድጓዱ ከሸንተረሩ ማዶ አጉረመረመ። ታናሽ ወንድሙ ኩንጃን የተሸከመውን የገመድ ጥቅል ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና፣ «ጉሙን ሆዱን ቆርጦታል መሰለኝ» አለ።

«አንተ ዝም ብለህ ተራመድ» አለው ቼላን።

እንግዳዋ ሳቀች። ቫሱኪ ትባላለች፤ የአውራጃው ቱሪዝም ቢሮ ኃላፊ ነች። መኪናዋን ከነሹፌሩ ታች አስፋልቱ ዳር ትታ፣ ከአንድ ሽማግሌ ዱላ ተውሳ በእግሯ ስትወጣ ያያት የካራኮምቤ ሰው ሁሉ ወዷታል። ከእሷ በፊት የመጡት ሹማምንት ከመኪናቸው ሳይወርዱ ተራራውን በጣታቸው ጠቁመው የተመለሱ ናቸው። እሷ ግን ማር ገደልን በዓይኔ ሳላይ አንድ ቃል አልናገርም ብላለች። ማር ገደል ከሸንተረሩ ጀርባ ያለ ትልቅ ፏፏቴ ነው። ከጎኑ ወደ ውጭ ባዘነበለው ቋጥኝ ሥር የዱር ንቦች የበር ወርድ ያላቸውን የማር እንጀራዎች ያንጠለጥላሉ፤ ከውሃው ጀርባ ደግሞ ሰው የሚያስቆም የድንጋይ መደብ አለ። አውራጃው አንድ ቦታ መርጦ ለጎብኚ ሊከፍት፣ እስከዚያም ድረስ መኪና የሚያስገባ መንገድ ሊሠራ ተነሥቷል።

የቼላን ልብ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ጎብኚው መጣ ቀረ ደንታም አልነበረው። ከሁለት ክረምት በፊት ሚስቱን ሩኪን ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመዋት በጭቃው እየተንሸራተቱ፣ እየወደቁና እየተነሡ ወረዱ፤ አስፋልቱ ላይ ሳይደርሱ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ሩኪ ተረፈች። ቼላን ግን ከዚያ ወዲህ «መንገድ» የሚል ቃል ሲሰማ ሌላው ወሬ ሁሉ ከጆሮው ይጠፋል።

ታች ሻይ ቤት ውስጥ ደግሞ ክፉ ወሬ ሰማ። መንገዱ ለአንድ መንደር ብቻ ነው፤ ወይ ለካራኮምቤ፣ ወይ ከሸንተረሩ ወዲያ ላለችው ለኔላጋዱ። ቆላው ላይ ያለ አንድ ሐይቅም ለምርጫ ቀርቧል ተብሎ ነበር፤ ሐይቁን ግን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። ወሬውን ማን አመጣው ቢባል የሚያውቅ የለም፤ ሻይ ቤት ነው የወለደው። ቼላን ሳያላምጥ ዋጠው። ኔላጋዱ ሩኪ የተወለደችበት መንደር ነው፤ ወንድሟ ሲንጋንም የሚኖረው እዚያው ነው። ሁለቱ ሰዎች ስንት ዓመት አብረው ማር ሲቆርጡ ኖረው፣ በዚህ ወሬ የተነሣ መጠያየቅ ተዉ። ሩኪ «ወንድሜን ልየው» ባለች ቁጥር ቼላን «የመንገዱ ነገር ይለይለትና» ይላታል።

ዝናቡ የያዛቸው መገንጠያው ላይ ነው። በግራ በኩል አንድ ቀጭን መንገድ ወንዙን ተከትሎ፣ በቀርከሃው መሃል ለጥ ብሎ ይሄዳል። በቀኝ ያለው ቀጥ ብሎ ወደ ቋጥኙ ይወጣል። ቫሱኪ ቆም አለችና የግራውን በዱላዋ አመለከተች።

«ይሄኛው ወዴት ነው? ወደ ኔላጋዱ የሚያሻግር መንገድ አለ ወይ?»

ኩንጃን አፉን ከፈተ። ቼላን ቀደመው።

«የከብት ዱካ ነው፣ እትዬ። ቀርከሃው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከዚህ ወደ ኔላጋዱ የሚያሻግር መንገድ የለም። ከኔላጋዱ ወደ ማር ገደል የሚወስድም የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት አቶ ቼላን?»

«ተወልጄ ያደግሁት እዚህ፣ ጸጉሬ የሸበተው እዚህ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ያላት። የግራው መንገድ ወንዙን ይዞ ኔላጋዱ ይገባል፤ ከኔላጋዱም ቀስ እያለ፣ አሮጊት እንኳ ሳታለከልክ፣ ማር ገደል አናት ላይ ያደርሳል። ቼላን ግን ሴትዮዋ ያንን ካየች መንገዱ ለነሲንጋን እንደሚሆን አልተጠራጠረም። ምነው ያን ጊዜ ምላሱን በነከሰው።

ቫሱኪ ራሷን ነቅንቃ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ኩንጃን ወደ ወንድሙ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «የከብት ዱካ? የማን ከብት ነው እሱ?»

«ዝም በል ብዬሃለሁ።»

«እኔማ ከብቱን ልጠይቅልህ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቀልድ አልነበረም። ዝናቡ ከሰማይ ሳይሆን ከባልዲ የሚገለበጥ ይመስል ነበር። ቋጥኙ ረጥቦ ያሙለጨልጭ ጀመር። በእጃቸው የያዙት ሥር እየተነቀለ፣ የረገጡት ድንጋይ እየተንከባለለ ወጡ። አልቅቶች ከቅጠሉ ላይ እየዘለሉ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተጣበቁ። ቫሱኪ መጀመሪያ አንድ በአንድ ስትነቅል ቆየች፤ በኋላ ሰልችቷት ተወቻቸው።

ከቋጥኙ አናት ላይ አንድ ጎርፍ የሚወርድበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። በበጋ ሕፃን የሚዘለው ነው። ያን ዕለት ግን ቡናማ ውሃ ግንድ እየገፋ ይግተለተልበት ነበር። ቼላን ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ውሃው ጉልበቱን መታው፣ ጭኑን ያዘው፤ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በጣቶቹ እየቧጠጠ ተሻገረና ገመዱን ዛፍ ላይ ጠመጠመ።

«ገመዱን አይልቀቁ። ውሃውን አይዩት፣ እኔን ይዩ» ብሎ ጮኸ።

ቫሱኪ ገባች። መሃል ላይ እግሯ ከዳት። ውሃው ጎትቶ በጎኗ ጣላት፣ ዱላዋን ነጥቆ ወሰደ፣ ጉልበቷን ከድንጋይ ጋር አጋጨ። ገመዱን ግን አልለቀቀችም። ቼላን ዘሎ ገብቶ በክንዷ ሥር ይዞ ወደ ዳር ጎተታት። ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ደሙ ከዝናቡ ጋር ይወርዳል።

«እንመለስ ይሻላል?» አላት፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ለዚህ ሁሉ የወጣሁ ልመለስ? ይልቅ ይሄን ዓይነት ቦታ ስንት ይቀረናል?»

«ከዚህ በኋላ ይሻላል» አላት። ይህም ሁለተኛው ውሸቱ ነበር። ዓይኗን ሳያይ ጉልበቷን በሻሽ አሰረላት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራና ጉሙ መጣ። የሚሄዱበት መንገድ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ገደል ሆኖ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ፊት ፊት የሚሄደው ቼላን ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። ትኩስ የእበት ሽታ ሸቶታል። ጉሙ ሳሳ ሲል አንድ የዱር ኮርማ መንገዱን ሞልቶ ቆሞ ነበር፤ ትከሻው ከቼላን ራስ በላይ ነው፣ ቀንዱ ላይ የተነቀለ ሣር ተንጠልጥሏል።

«እንዳትሮጡ» አለ ቼላን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ወደ ግድግዳው ተለጠፉ። ኩንጃን፣ እሷን ከኋላህ አድርግ።»

ኮርማው አንዴ አፍንጫውን ነፋ፣ መሬቱን በሰኮናው ጠረገ። ቼላን ገጀራውን አልመዘዘም፤ ለእንዲህ ያለ አውሬ ገጀራ ምንም አይደለም። ጀርባውን ቋጥኙ ላይ አስደግፎ፣ ሆዱን አስገብቶ፣ መንገዱን ለቀቀለት። ኮርማው ተንደረደረ። ጎኑ የቼላንን ደረት እየፈተገ፣ ትንፋሹ ፊቱ ላይ እየሞቀው፣ ሰኮናው የገደሉን ጠርዝ እየሸረፈ አለፈ። ሦስቱም እንደ ተለጠፉ ቀሩ። ድምፁ ከጉሙ ውስጥ ከጠፋ በኋላ ቫሱኪ ቀስ ብላ ቁጢጥ አለች። ሳቅ ሳቅ አላት፣ ከዚያም ዓይኗን ጠረገች።

«ጎብኚዎቼን በዚህ ሳሳልፍ ታየኝ» አለች። «አሮጊቶች ይኖራሉ፣ ልጅ ያዘሉ ይኖራሉ።»

«መንገዱ ሲሠራ ይሰፋል፣ እትዬ።»

«ይሄ ግድግዳ እንዴት ይሰፋል?»

 ኩንጃን ወንድሙን ቀና ብሎ ሲያየው ቆየ፤ ቼላን ግን ፊቱን አዞረ። ሲመሽ አንድ ዋሻ ሥር ተጠግተው ከዳጉሳ ገንፎ የተድበለበለ ስንቃቸውን በማር በሉና በደረቅ ቅጠል ላይ ተኙ።

በማግስቱ ማለዳ የሸንተረሩ አናት ላይ ሲወጡ ፀሐይዋ ወጣች፤ ሸለቆው ሁሉ ከእግራቸው ሥር ተዘርግቶ ታየ። የቫሱኪ ስልክ መሥመር ያገኘው እዚህ ነው። ፈንጠር ብላ ደወለች። ቼላን ሣር የሚነቅል መስሎ ጆሮውን አቆመ።

«አዎ፣ የምርጫው ስብሰባ ዛሬ መሆኑን አውቃለሁ። … መንገዱ በጣም ከባድ ነው። … የለም፣ በሌላ በኩል መግቢያ የለም። ያገሩ ሰው ራሱ ነው ያረጋገጠልኝ። … ገደሉን ዛሬ አያለሁ፤ ከዚህ ካለፍኩ ግን መሥመር የለም።»

«በሌላ በኩል መግቢያ የለም» የሚለውን ሲሰማ የቼላን ልብ ዘለለ። እንግዲህ ኔላጋዱ ወጣች ማለት ነው፤ መንገዱ የካራኮምቤ ሆነ። ለሩኪ እንዴት እንደሚነግራት እያሰበ ቁልቁለቱን ሊሮጥ ምንም አልቀረው። ያንን ደስታውን ዛሬ ሲያስበው በገዛ ራሱ ያፍራል።

የውሃው ድምፅ ቀድሞ ደረሰባቸው። ከዚያ ጫካው ተከፈተና ማር ገደል አናት ላይ ወጡ። ወንዙ ከእግራቸው አጠገብ ጠርዙን አልፎ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። በቀኝ በኩል ቋጥኙ ሥር ጥቋቁር የማር እንጀራዎች ተሰልፈው ተንጠልጥለዋል፤ የንቦቹ ጀርባ በየጊዜው ብልጭ እያለ ይርገበገባል። ቫሱኪ ጉልበቷን ረስታ ዝም ብላ አየች።

ብቻቸውን ግን አልነበሩም። ከውሃው ወዲህ ጥላ ሥር ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንደኛው ሲንጋን ነው። ሌላው ቲሩማል የሚባል ከቆላ የመጣ የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት ነው፤ ሲንጋን ቦታውን ሊያሳየው ይዞት መጥቷል። ነጭ ጫማ አድርጓል። ጫማው ላይ ጭቃ የለም።

ቫሱኪ ጫማውን አየች፤ ከዚያ የራሷን የተቀደደ ሱሪ አየች።

«በየት መጣችሁ?» አለች።

«በወንዝ ዳር ነዋ፣ እሜቴ» አለ ሲንጋን፣ ለአክብሮት ብድግ ብሎ። «ቁርሳችንን ቤት በልተን ወጣን። ከካራኮምቤም ቢሆን ያው መንገድ ነው፤ በእኛ በኩል ዞሮ ይወጣል። እናንተ በላይ በኩል መጣችሁ እንዴ? በዚህ ዝናብ?»

ቫሱኪ ወደ ቼላን ዞረች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። ቼላን አንገቱን ደፋ።

«ወደ ሸንተረሩ መመለስ አለብኝ። አሁኑኑ መደወል አለብኝ» አለች።

እዚህ ላይ ቼላን አደብ ቢገዛ ጥሩ ነበር። እፍረት ግን ሰውን አያስቀምጥም። «እትዬ፣ እዚህ ድረስ መጥተው መደቡን ሳያዩ? ስልክዎን ይስጡኝ፣ ልውረድና ከውሃው ጀርባ ስንት ሰው እንደሚቆም ላንሣልዎት። ያንን ያየ ማንም እምቢ አይልዎትም። ፈጥኜ ነው የምወጣው።»

ቫሱኪ አመነታች፤ ወደ ገደሉ አየች። «ቶሎ ይበሉ» አለችና ስልኳን ሰጠችው።

ኩንጃን ገመዱን ከትከሻው አወረደ። ሲንጋን ተነሥቶ መጣና ተቀበለው። በማር ቆራጮች ዘንድ ገመዱን የሚይዘው የሚስት ወንድም ነው። የገዛ ወንድም አይይዝም፤ ሰው ቢወድቅ ማሳው ለወንድሙ ነውና። የሚስት ወንድም ግን እህቱን መበለት አያደርግም።

«ስንት ወር ሳትጠይቀኝ ቀረህ፣ አማቼ» አለ ሲንጋን ገመዱን ወገቡ ላይ እየጠመጠመ። «አሁን ነፍስህን ልትሰጠኝ መጣህ?»

«ያዝ እንግዲህ።»

«እይዛለሁ። ሩኪ ደህና ነች?»

«ደህና ነች።»

«ታዲያ ለምን ቀረች?»

ቼላን ጀርባውን ወደ ገደሉ አዙሮ ወረደ። ኩንጃን ከላይ ሆኖ «እኔ ብይዝለት ኖሮ የዳጉሳ ማሳው ዛሬ የእኔ ነበር» ሲል ሰማው።

የቋጥኙን ጎን በእግሩ እየገፋ፣ የውሃው ጉም ፊቱን እያራሰው ወረደ። ንቦቹ በቅርብ ናቸው፤ ጩኸታቸው ጥርሱ ውስጥ ይሰማዋል፤ ግን አልተነኩምና አልተነሡበትም። ወደ ግራ ተወዛወዘና ከውሃው ጀርባ ገብቶ መደቡ ላይ ቆመ። እዚህ የደረሰ ሰው ገመዱን ሁለቴ ስቦ «ቆሜያለሁ» ብሎ ለያዡ ያሳውቃል። ልጅ ሆነው የሚማሩት ነገር ነው። ቼላን ግን ስልኩን አውጥቶ ማንሣት ጀመረ። መደቡን አነሣ፣ ውሃውን ከጀርባ አነሣ፣ ብርሃኑ ሲያልፍበት የሚወጣውን ቀስተ ደመና አነሣ። ቫሱኪ ስታየው እንደምትምረው አስቦ ልቡ ሞቀ። ገመዱን መሳብ ረሳ።

ላይ የቀረው ቲሩማል፣ ሌላው ሰው ቪዲዮ ሲያነሣ እሱ ባዶ እጁን ሊመለስ መሆኑን አሰበ። ከቦርሳው ድሮን አወጣ።

«እሱን ነገር አታስነሣው» አለው ሲንጋን። «ንቦቹ የሚጮህ ነገር አይወዱም።»

«ከሩቅ ነው የማበረው። ሃምሳ ሜትር እርቃለሁ።»

«ጌታዬ፣ ሰው ገመድ ላይ አለ።»

ድሮኑ ተነሣ። ከገደሉ ጠርዝ ወጣ፣ ወደ ታች ዘቀጠ፣ የውሃው ንፋስ መታውና ወደ ማር እንጀራዎቹ ገፋው። የንቦቹ ጀርባ መርገብገቡን አቆመ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ተነሡ።

«ውሃ ውስጥ ግቡ» ብሎ ጮኸ ሲንጋን። ኩንጃን ቫሱኪን በእጇ ጎትቶ ወንዙ ውስጥ ከተታት፤ ለመኝታ ይዘውት የመጡትን ብርድ ልብስ አርሰው ራሳቸው ላይ ጣሉ። ቲሩማል መቆጣጠሪያውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ፤ ተሰናክሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀና ልብሱን ፊቱ ላይ ጠቀለለ። ውሃው ሲንጋን ከቆመበት አሥር ርምጃ አይርቅም። ገመዱን ቢለቅ ይደርሳል።

አልለቀቀም። ቼላን ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ያለ መስሎታል። እግሩን አንድ ሥር ላይ ደግፎ ቀረ። ንቦቹ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ገመዱን የያዙ እጆቹን አለበሱት።

ከውሃው ጀርባ ያለው ቼላን ጥቁሩ ደመና በፊት ለፊቱ ሲያልፍ አየ። አንድም ንብ አልነካውም፤ ውሃው ከልሎታል። ያን ጊዜ ነው ያስታወሰው። ስልኩን ጣለና ገመዱን ሳበ። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ደጋግሞ። «ቆሜያለሁ፣ ልቀቀው፣ ሽሽ» ብሎ ጮኸ። ፏፏቴው ድምፁን ዋጠው። ላይ ያለው ሰው ደግሞ ያ ሁሉ መሳብ የተጨነቀ ሰው መንፈራገጥ መሰለው፤ ይበልጥ አጥብቆ ያዘ።

ቼላን መጠበቅ አልቻለም። ከውሃው ወጥቶ ገመዱን ይዞ ቋጥኙን ተንጠላጠለ። ንቦቹ አገኙት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በእጁና በእግሩ እየቧጠጠ ወጣ። ሲደርስ ሲንጋን በጎኑ ወድቆ ነበር። ገመዱ ወገቡ ላይ እንደ ተጠመጠመ ነው። ንቦቹ ሲበርዱ ኩንጃንም ከውሃው ወጥቶ ደረሰ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ መፍታት ነበረባቸው።

«ቆሜ ነበር» አለ ቼላን፣ በሲንጋን ያበጠ ፊት ላይ አጎንብሶ። «መደቡ ላይ ቆሜ ነበር።»

ሲንጋን አልሰማውም። ይተነፍሳል፣ ግን ትንፋሹ ያፏጫል።

ኩንጃን ሁለት ቀርከሃ ቆርጦ በብርድ ልብስ ቃሬዛ ሠራ። አራቱም አራቱን ማዕዘን ያዙ፤ ቲሩማል ነጭ ጫማው ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ «አላወቅሁም፣ አላወቅሁም» ይላል። ቫሱኪ አነከሰች እንጂ አልቀረችም። ማንም ሳይነግረው ቼላን ፊት ሆኖ በወንዙ ዳር ያለውን መንገድ ያዘ። ሮጡበት። ድንጋይ የለበትም፣ ገደል የለበትም፤ የቀርከሃው ቅጠል ተነጥፎበታል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይሄድበታል። ቼላንን እያንዳንዱ እርምጃ ይቆጠቁጠው ነበር። ንቦቹ የነደፉት ትዝም አላለው። ሴትዮዋ ከኋላው ሆና ይህን ሁሉ በዓይኗ እያየች ነው።

ኔላጋዱ ሲደርሱ የመንደሩ ሰው ቃሬዛውን ተቀበላቸው። ኩንጃን ለሩኪ ሊነግር ወደ ካራኮምቤ ሮጠ። ከኔላጋዱ በታች ባለው ሻይ እርሻ ቅጠል የሚጭን መኪና ተገኘና ሲንጋንን ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሙ አየውና ነፍሱ ትተርፋለች አለ። ስለ ግራ ዓይኑ ግን ቃል አልሰጣቸውም።

ቫሱኪ ከሻይ እርሻው ጀምሮ በሰው ስልክ ስትደውል ነበር። ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ስልክ ከጠባቂው ተውሳ አንዴ ደግማ ሞከረች። ከዚያ መጥታ ቼላን አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ በአዲስ ፋሻ ታሽጓል።

«ተጨርሷል» አለች። «ቀትር ላይ ነው የጨረሱት። ሐይቁን መረጡ።»

«ሐይቁን?»

«መውጫ የሌለው፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ቦታ ላይ ገንዘብ አይጣልም አሉ። በጠዋት የነገርኳቸውን ነው የደገሙልኝ።»

ቼላን ከአግዳሚው ብድግ አለ። «ዋሽቶኝ ነው ይበሏቸው፣ እትዬ። ስሜን ይንገሯቸው።»

«ነገርኳቸው። ተወስኗል፣ ከእንግዲህ የሚቀጥለው ዕቅድ ላይ አምጪው አሉኝ። መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅ።» ፋሻዋን አስተካከለች። «ያሰብኩት አንድ መንገድ ነበር፣ አቶ ቼላን። በካራኮምቤ ገብቶ በኔላጋዱ የሚወጣ። ጎብኚ በገባበት እንዳይመለስ። መገንጠያው ላይ የጠየቅሁዎት ለዚያ ነው። ቀድሜ ያልነገርኳችሁ እጄ ላይ ሳይገባ ቃል መግባት ስለማልወድ ነው። አሁን ሳስበው ብነግራችሁ ይሻል ነበር።»

«ለሁለታችንም?»

«ለሁለታችሁም።»

 ሹፌሯ መጥቶ ወሰዳት፤ ስትሄድ ትከሻውን ነካ አድርጋው ሄደች። ከዚያስ ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር።

ሩኪ ከመምሸቱ በፊት ደረሰች። ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ ገባች። ባሏን አልፋ መጀመሪያ ወደ ወንድሟ ሄደች። ፊቱን ማወቅ አቅቷት በእጁ ነው የለየችው። ሲንጋን በሚከፈተው አንድ ዓይኑ አያትና «መጣሽ እንዴ፤ ባልሽ ከባድ ነው፣ ምግቡን ትንሽ ቀንሺለት» አላት። እሷም ሳቀች፣ አለቀሰችም። ቼላን በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሲያይ ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለም። ድሮ ቢሆን ንቡን፣ ድሮኑን፣ ከቆላ የመጣውን ሰው ይረግም ነበር። ያን ቀን ግን ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ገመዱን መሳብ ረስቼ ነው አንተን ለዚህ የዳረግሁህ። መንገዱንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሐይቁ ጋ ሄደ።»

ሲንጋን ጣሪያውን አየ። ሩኪ ፊቷን ጠርጋ ወደ ባሏ ዞረች።

«መንገዱን እንዴት አጠፋኸው?»

«ሴትዮዋ መገንጠያው ላይ ጠየቀችኝ። ወደ ኔላጋዱ የሚያሻግር መንገድ አለ ወይ አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«የለም አልኳት። የከብት ዱካ ነው አልኳት።»

ሩኪ ለረጅም ጊዜ አየችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ታዲያ እኔ ሙሽራ ሆኜ ወደ ቤትህ የመጣሁት በየት ነው?»

 ሩኪ የወንድሟን ትራስ አስተካከለችና ውሃ ልታመጣለት ወጣች።